ፊልሙን አስቀምጣችኋል፤ ፊልሙን ያየውን ቤትስ?

ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በደርግ ዘመን ቴሌቪዥን በየቤቱ እንዴት ይታይ እንደነበር የተመልካቾች ምስክርነት እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የተወለድኩ፣ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የልደት ዓመቴን ያነሣሁት የአገራችን ቴሌቪዥንም የዚያው ዓመት ልጅ ስለሆነ ነው፤ ሥርጭቱ በይፋ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነበር። እናቴ ስትቆጣኝ “አንቺና ሣጥኑ እኩያ ናችሁ፤ እሱ ግን ሲዘጉት ዝም ይላል” ትለኝ ነበር።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የእህቴ ልጅ ነው። በስልኩ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል የሚያሳይ አሮጌ ምስል ሲያይ ቆይቶ፣ “ያኔ ሰው ሁሉ እንዲህ ደስተኛ ነበር እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ከፊቱ የቀረበለትን ማስረጃ ነው ያነበበው። በምስሉ ላይ ሰልፈኛው ያጨበጭባል፣ ባንዲራው ይውለበለባል፣ የተናጋሪው ድምፅ ይሞቃል። ያን ዕለት ያንኑ ምስል በጥቁርና ነጭ መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠን ያየነው የአንድ ግቢ ሰዎች ግን በምስሉ ውስጥ የለንም። አርባ ዓመት ያህል ታሪክ እያስተማርኩ “ሰነድ ይመስክር” ስል ለኖርኩት ለእኔ ይህ ሰነድ ብቻውን ሲመሰክር እንደሚያሳስት የተገለጠልኝ በዚያች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ፊልሙን እንደምትጠብቁት ሁሉ ፊልሙ የታየበትን ቤት፣ ማለትም በዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ትዝታ፣ ሰዎቹ ሳያልቁ ሰብስቡልን።

ምን ዓይነት ትዝታ እንደሆነ በእኔው ግቢ ላስረዳ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ሰባት አባወራ ነበርን። ከሰባቱ ስድስቱ የግቢው ባለቤት የእትዬ ተከራዮች ነበርን። ከአዋጁ በኋላ እትዬና ባለቤቷ ጋሼ ትልቁን ቤት ይዘው ቀሩ፤ የእኛዎቹ ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ኪራዩም ለቀበሌ ይከፈል ጀመር። ከዚያ በፊት እናቴ የእትዬን ሳሎን የምትረግጠው በወር አንድ ቀን፣ ያውም ኪራይ ለማድረስ ስትሄድ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አዋጁ ያንን የወር ጉዞ ሲያስቀር ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙበት ምክንያት የጠፋ መስሎ ነበር። ያገናኛቸው ቴሌቪዥኑ ነው።

ቴሌቪዥኑ ባለ አራት እግር የእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ መዝጊያው በቁልፍ የሚቆለፍ፣ በላዩ እትዬ ራሷ የጠለፈችው ልብስ የሚለብስ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ልጆቹን ብቻ አስገባች፤ ቀጥሎ ልጆቹን ሊጠሩ የመጡ እናቶች ቆመው ቀሩ፤ ቀጥሎ አባቶች መጡ። ለምን እንደፈቀደች በልጅነቴ ደግነቷ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ግን ሌላም ነገር እንደነበረበት ገባኝ፤ “ትርፍ ቤት ነበራት” ተብሎ በቀበሌ መዝገብ ስሟ ለሰፈረ ሴት፣ ሳሎኗን ለሰፊው ሕዝብ ከፍታ መታየቷ ጥሩ ዋስትና ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል የሆነው ጎረቤታችን አንዱ መሆኑን ደግሞ ማንም አይዘነጋም ነበር።

አሁን የሳሎኑን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር በየትኛውም ፊልም ላይ አይገኝምና። ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት በእኛ ቤቶች ሰው የሚቀመጠው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ መሶቡን ወይም ረከቦቱን መሐል አድርጎ ነበር። ሣጥኑ ከገባ በኋላ ወንበሩ፣ ሶፋው፣ በርጩማው ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ዞረ። የጋሼ ወንበር እንደ ቀድሞው ከሁሉ የተሻለ ስፍራ ላይ ቢሆንም “የተሻለ” የሚባለው ስፍራ ራሱ ተለወጠ፤ ድሮ ከበሩ ትይዩ ያለው ነበር፣ አሁን ከቴሌቪዥኑ መስኮት ትይዩ ያለው ሆነ። ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ እናቶች አግዳሚ ላይ፣ ወጣት ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። የቤት ሠራተኛዋ ማድ ቤቱና ሳሎኑ በሚገናኙበት በር ላይ፣ አንድ እግሯን ከውስጥ አንዱን ከውጭ አድርጋ፣ ግማሹን ታያለች። ስለ ሴቶች እኩልነትና ስለ አብዮታዊ ሴቶች ማኅበር በሚነገርበት ምሽት እንኳ እግሯን ከበሩ ወዲህ አላሻገረችም፤ ያሻገራትም አልነበረም።

ከአቀማመጡ የባሰው የእራት ነገር ነው። በባህላችን ሰው ቤት ተቀምጦ ሳለ ገበታ ቀርቦ “ብሉ” አለማለት ነውር ነው፤ ገበታ ሊቀርብ ሲል ያለመነሣትም እንዲሁ ያስነቅፋል። ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም ሥርዓት አናጋው። ሃያ ሰው ሳሎን ተቀምጦ እትዬ እንዴት መሶብ ታቅርብ? ስኳርና ዘይት በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ በሚወጣበት፣ ለዚያውም በሰልፍ በሚደረስበት ዘመን ለሃያ ሰው ሻይ ማፍላት እንኳ የወሩን ስኳር በአንድ ምሽት መጨረስ ማለት ነበር። ስለዚህ የእትዬ ቤተሰብ ወይ ከመምሸቱ በፊት ተጣድፎ ይበላ ነበር፣ ወይ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ጦሙን ያመሽ ነበር፣ ወይም ጋሼ “አንድ ነገር ልይ” ብለው ወደ ማድ ቤት ይሄዱና አፋቸውን ጠርገው ይመለሱ ነበር። እትዬ ስታረጅ ይህን ስታነሣ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ቤቷን የቀሟት ቀን ያላለቀሰች ሴት፣ “እንግዳ ደብቄ በላሁ” ስትል ዓይኗ እንባ ያቀርራል። በኋላ ዘዴው ቆሎ ሆነ። የእኛ ግቢ ሴቶች በተራ እየቆሉ በሰፌድ ይዘው ይገቡ ጀመር፤ ዛሬም ቴሌቪዥን ከፍቼ ቆሎ ካልቆረጠምኩ ያየሁ አይመስለኝም።

ሰዓት እላፊም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። ወጣት ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከተማው በሌሊት የሚዘጋ ከተማ ነበር። ከሌላ ሰፈር የመጣ ዘመድ ጣቢያው እስኪዘጋ ከቆየ ማደሩ ነው፤ ለሚያድር ደግሞ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የነገ ቁርስ አለ። ማታ ውጭ መዋልና ማምሸት ያስጠረጥር ስለነበር ወንዶች በጊዜ ቤት መግባት ጀመሩ። እናቴ ስለ መንግሥት ምንም ክፉ ቃል የማትናገር ሴት ብትሆንም “አባታችሁን ከጠጅ ቤት ያወጡልኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ፍርሃት፣ ሌላው ያ ሣጥን” ስትል ሰምቻታለሁ። ታሪክ ጸሐፊ ይህን ከየትኛው ፊልም ያገኘዋል?

ወደ ዜናው ልምጣ፤ ልመናዬ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዜና ሲጀመር ሳሎኑ ጭጭ ይላል። የዛሬ ወጣት ይህን ዝምታ እንደ ጥሞና ሊቆጥረው ይችላል። እኛ ግን ዝም የምንለው ፊታችንን ለመጠበቅ ነበር። የሊቀመንበሩ ማዕረግ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ፣ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ዋና ጸሐፊነታቸው፣ የደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበርነታቸው፣ የአብዮታዊ ሠራዊቱ አዛዥነታቸው ሁሉ ተነግሮ እስኪያበቃ ድረስ ልጆች በሹክሹክታ አብረን እንቆጥር ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ከአንባቢው ቀድሞ ስለጨረሰ ሣቀ፤ እናቴ የቆነጠጠችው ቁንጥጫ ሳምንት ሙሉ አልጠፋም። የአዝመራው መሰብሰብ፣ የዕቅዱ በመቶኛ መሳካት፣ የመንግሥት እርሻዎች ምርት ሲነገር ደግሞ ማንም ወደ ማንም አይዞርም፤ ያን ዕለት ጠዋት ለጤፍ ተሰልፈን የተመለስነው ሁላችን ነበርንና ዓይን ለዓይን ከተጋጨን አንድ ነገር ያመልጠን ነበር።

በዚህ ላይ የሥርጭቱ መዝጊያ መዝሙር አለ። “ኢትዮጵያ ቅደሚ” ሲዘመር በገዛ ሳሎን ውስጥ መቆም ይገባል ወይስ አይገባም? በአደባባይ ግልጽ ነው፤ በቤት ግን ደንብ የሚነግረን አልነበረም። አብዮት ጥበቃው ካለ ይቆማል፤ እሱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፤ ማን መጀመሪያ እንደሚቀመጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። እሱ በሌለበት ምሽት ሁሉም ነጠላውንና ኮቱን እየፈለገ፣ ጫማውን እየለየ፣ ቆሞም ሳይቆምም ያሳልፈዋል። ጋሼ ለዚህ መፍትሔ አግኝተው ነበር፤ መዝሙሩ ሊጀምር ሲል አንቴና ለማስተካከል ይወጣሉ።

ሁሉም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይከፈታል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍል ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በእኛ ግቢ ሬዲዮ የሚደመጠው ከትራስ ሥር፣ ጆሮ ተጣብቆበት ነው። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እንዲሰማ ከፍ ይደረጋል፣ ሬዲዮኑ ጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ ይደረጋል፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የድምፅ መጨመሪያዋን ቁልፍ ማዞር ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነበር። ማለዳ ቧንቧ ላይ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ቴሌቪዥኑ ዜና ቢሆንም የሚለዋወጡት የሬዲዮኑን ነበር፤ “ማታ ስለ ሰሜኑ ያለውን ሰማሽው?” ስትል አንዷ፣ ሌላዋ የትኛውን እንደሆነ ሳትጠይቅ ይገባታል።

በ1970ዎቹ በነፃ ትምህርት ዕድል ላይፕዚግ የተማረ አጎቴ ሲመለስ የነገረን ነገር የእኛን ሁኔታ በሌላ ዓይን እንዳይ አድርጎኛል። ምሥራቅ ጀርመኖች አንቴናቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው የምዕራብ ጀርመንን ጣቢያ ያዩ ነበር፤ ሞገዱ የማይደርስበትን የድሬስደንን አካባቢ ሕዝቡ በቀልድ “ምንም የማያውቁ ሰዎች ሸለቆ” ይለው ነበር። በሩማኒያ ደግሞ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኃይል ለመቆጠብ በሚል በአዘቦት ቀን ሥርጭቱ ወደ ሁለት ሰዓት ስለወረደ በደቡብ ያለው ሕዝብ የቡልጋሪያን ቴሌቪዥን መከታተል ጀምሮ ነበር። እነዚያ ቤቶች ቢያንስ አንቴና የሚያዞሩበት ሌላ አቅጣጫ ነበራቸው። እኛ ጣራ ላይ ወጥተን “መጣ? መጣ! ኧረ ሄደ!” እየተባባልን የምናዞረው አንዱኑ ጣቢያ ለማጥራት ብቻ ነው። ሶሻሊዝም በየአገሩ አንድ ዓይነት ንግግር ቢኖረውም ሳሎኑ በየአገሩ የተለያየ ነበር፤ የእኛን ሳሎን ደግሞ ከእኛ በቀር ሌላ የሚመዘግበው የለም።

ሦስት ምሽቶችን ለይቼ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም የንጉሡን ድግስና ምቾት ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ የታየው በዚያ የእንቁጣጣሽ ማታ ነው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እትዬ ገና በሯን ለሁሉ ያልከፈተችበት ጊዜ ስለሆነ በመስኮት ነው ያየሁት። የማስታውሰው ከምስሉ ይልቅ የእትዬን ጀርባ ነው። ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ እንጀራው ተቆርሶ ማንም አልነካውም። ያ ምስል ለፖለቲካ ዓላማ የተቀነባበረ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን፤ ረሃቡ ግን እውነት ነበር። በከተማው የነበረው የቴሌቪዥን ብዛት እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም በማግሥቱ ያላየው ሰው ሁሉ እንዳየ ሆኖ ያወራ ነበር።

ሁለተኛው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከለር የገባው ለዚህ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ነው። አደባባዩ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ ጭምር አሸብርቆ፣ ሰልፉና ትርኢቱ በቀለም ተሠራጨ። የእትዬ ሣጥን ጥቁርና ነጭ ስለነበር እኛ ያየነው ያው ግራጫውን ነው፤ አንባቢው ስለ ቀዩ ባንዲራ ሲናገር ጋሼ “ቀይ ነው ከተባለ ቀይ ነው” አሉ። አብዮት ጥበቃው እንደ መሣቅ ብሎ ተወው። በዚያ ሳምንት ማድ ቤት በር ላይ የምትቆመዋ ሠራተኛ ሌላ ሰው አስከትላ ነበር፤ ከወሎ በእግርና በጭነት መኪና የመጣች አክስቷ ናት። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ሰልፉን አየች፤ ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ከልቧ ገርሟት፣ “ይሄ ሁሉ ሰው ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚራመደው?” አለች። መልስ የሰጣት የለም። እትዬ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ይዛት ገባች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃያ ሰው ሳሎን እያለ በዚያ ቤት መሶብ ተከፈተ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ስለ ረሃቡ ከወሎዋ ኮረም የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። ዋሽንግተንና ለንደን የነበሩ የግቢያችን ልጆች በባዕድ አገር ሳሎን ተቀምጠው የወገናቸውን ረሃብ ያዩት ያኔ ነው። “ምን እየሆናችሁ ነው?” የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን፣ ደብዳቤውን ያነበበችልን የእትዬ ልጅ በመሐሉ ቆም ብላ በሩን ዘጋች። የምታነበው ነገር በእትዬ ሣጥን እስከዚያ ቀን አልታየም ነበርና።

ሦስተኛው ምሽት የደስታ ነው፤ እሱን ካላነሣሁ ያየሁትን በሙሉ አልመሰከርኩም። ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ በእትዬ ሳሎን መቆሚያ አልነበረም። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ እኛም አብረን ተንቀጠቀጥን። የመጨረሻዋ ምት ስትገባ አብዮት ጥበቃውና ጋሼ ተቃቀፉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ከመጮኹ በፊት ግራ ቀኙን ሳያይ የጮኸው ያን ቀን ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከዚያ ምሽት በኋላ ሁለቱ ሰዎች እንደ ቀድሞው መሆን አቃታቸው፤ ሰውየው ኩፖን ሲያልቅብን “ነገ ብቅ በሉ” ይል ጀመር።

ስለ ልጆች ዝግጅትም አንድ ነገር ልጨምር። አባባ ተስፋዬ “የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች” ብለው ሲገቡ ግቢው ውስጥ የሚላክ ልጅ አይገኝም ነበር። ከሦስት መንግሥታት ጋር የሠሩ ሰው ናቸው፤ በእኛ ልብ ግን የማንም መንግሥት ሰው አልነበሩም። አያቴ ግን አልወደደቻቸውም፤ ቀንታባቸው ነው። “ተረት ተረት” ስትል “የላም በረት” የሚላት ልጅ ስታጣ፣ ከኋላችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእሳቸውን ተረት እየሰማች “ይቺን አሳጥሮ አበላሻት፤ ጦጣዋ እንዲህ አላለችም” እያለች ታርማቸው ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ ትክክለኛውን ትነግረናለች። እንዲህ እንዲህ እያልን በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ ተረት ሰማን፤ ቴሌቪዥን የእሳት ዳር ጨዋታን አጠፋ ሲባል በእኛ ቤት የሆነው እንዲያ ብቻ እንዳልነበረ መመስከር እወዳለሁ።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። በእጃችሁ ያሉትን የዚያን ዘመን ምስሎች በያዛችሁበት ሥርዓት ላይ የተመልካቾችን ምስክርነት ጨምሩ። አሠራሩን በተመለከተ ከማስተማር ልምዴ የማውቀውን ልናገር፤ ሽማግሌ ሰው “በደርግ ጊዜ ቴሌቪዥን እንዴት ነበር?” ተብሎ ሲጠየቅ “ደህና ነበር” ብሎ ይዘጋዋል። ያንኑ ፊልም ከፍታችሁ አብራችሁት ብታዩና እያየ የሚናገረውን ብትቀዱ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ማን አጠገቡ ተቀምጦ እንደነበር፣ ምን ይቆረጥም እንደነበር፣ የት ላይ ዝም እንዳለ፣ የት ላይ ሣቁን እንደዋጠ ምስሉ ራሱ ያስታውሰዋል። ያ ድምፅ ከፊልሙ ጎን ቢቀመጥ፣ የእህቴን ልጅ የመሰለ ወጣት የአደባባዩን ጭብጨባ ሲያይ የሳሎኑንም ዝምታ አብሮ ይሰማል።

የባለ ሣጥኖቹን ብቻ አትጠይቁ። በቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ያዩት፣ በሰው መስኮት ያዩት፣ በር ላይ ቆመው ግማሹን ያዩት፣ ሥርጭቱ በማይደርስበት አገር ኖረው ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ዘመድ አፍ የሰሙትም ይጠየቁ። በስብሰባና በሰልፍ ላይ ቆመው ኋላ ራሳቸውን በሣጥኑ ውስጥ ሲፈልጉ ያመሹም ብዙ ናቸው። ኮረምን በሰው አገር ያዩት ልጆቻችንም በዋሽንግተንና በለንደን ይገኛሉ፤ ለእነሱ ጥሪው በኤምባሲና በማኅበራት በኩል ሊደርስ ይችላል። የአብዮት ጥበቃ የነበሩትም ከጥሪው ውጭ አይሁኑ፤ እነሱም ፊታቸውን ይጠብቁ እንደነበር አምናለሁ፤ የእኛው ጎረቤት ከዓመታት በኋላ “እኔ የምቆመው እናንተ ስለምታዩኝ ነበር” ብሎኛልና። ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ ሰው ስሙ እንዳይጠቀስ ይደረግ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም ዜና ሲጀመር ድምፁን የሚቀንስ ሰው ዛሬም አለ።

ከእኔ በኩል የእትዬ ልጅ ያደረሰችኝ የሣጥኑ መዝጊያና የጥልፉ ልብስ አሉ፤ ትፈልጓቸው እንደሆነ አመጣለሁ። ይበልጥ የምለምናችሁ ግን ስለ ጋሼ ነው። ከዚያ ሳሎን አንጋፎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸውና ሁለት እናቶች ብቻ ናቸው። ጋሼ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል፣ ጠዋት ግን ከቁርስ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ድረስ አእምሯቸው ብሩህ ነው፣ የግራ ጆሯቸውም ይሰማል። ባለሙያ የምትልኩ ከሆነ በዚያ ሰዓት ይሁን፤ የአሥረኛውን ዓመት በዓል ፊልም ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቀድሞ የጎረቤት ቤት ተመልካች
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ